ለመሐንዲሱ የምሰጣት ልጅ የለኝም

ባለፈው ሳምንት ያቆምኳችሁ አሊያንቴ ሰፈር፣ የአቶ ገብረጻድቅ ቤት በር ላይ ነው፤ ሦስት ሽማግሎች፣ ሦስት ሙሉ ልብስ፣ ሦስት ማስክ። ሳምንቱን ሙሉ ከእኛ ጋር ቆማችሁ ከከረማችሁ እግራችሁን ይማርልኝ። እኔ በዚያ ግቢ ለመቀመጥ ምን እንደከፈልኩ ስትሰሙ ግን የእናንተው መቆም ይቀላል።

ወሬዬን ዛሬ ለሚቀላቀል ሰው ባጭሩ፦ ዓምደሚካኤል ነኝ። ላስ ቬጋስ ውስጥ ሊሞዚን ከነዱ ሐበሾች የሚስተካከለኝ አልተወለደም፤ የካዚኖዎቹ ጎዳና፣ የስትሪፑ ቀይ መብራት እኔን ሲያይ አፍሮ አረንጓዴ ይሆን ነበር። በ2020 ማርች ካዚኖዎቹ ሲዘጉ ሊሞዬን አቁሜ ቤቴ ተቀመጥኩ። በሁለት ወር ውስጥ ሆዴ ለብቻው ቀበቶ ጠየቀ። ኢንተርፕራይዝ ሰፈር ካለው ቤቴ አንዷን ክፍል የተከራየኝ የሺዋስ አዘነልኝ። የባሕር ዳር ልጅ ነው፤ ባሕር ዳር ደግሞ ልጅ ከመራመዱ በፊት ሳይክል ይነዳል። በዲቪ መጥቶ ከከተማው ወጣ ብሎ ኤፔክስ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ዕቃ ይጭናል። ያን ሰሞን ከተማው ውስጥ ሳይክል ከየሱቁ ጠፍቶ ነበር። እሱ የተጣለ እየለቀመ፣ የሞተውን ሳይክል ጎማ ለታመመው እየሰጠ፣ ጋራዤን ሳይክል ቤት አደረገው።

ቅዳሜ ቅዳሜ የሚወስደኝ ከቦልደር ሲቲ ወዲያ፣ ትልቁ ግድብ ከፈጠረው ሐይቅ በላይ ወዳለው የድሮ የባቡር መንገድ ነበር። ግድቡ ሲሠራ ዕቃ ያመላለሰው ሐዲድ ከተነቀለ ስንት ዘመኑ፤ የቀረው ጠጠሩና አምስት ዋሻ ነው። መኪና የሚባል አይደርስበትም። ሠላሳ ዓመት ጥሩንባ የደበደበው ጆሮዬ እዚያ ሲደርስ ከጎማ ሥር የሚንሿሿውን ጠጠር ብቻ ይሰማል።

ሁለተኛው ዋሻ ውስጥ ነው ናርዲን ያገኘናት፤ ጎማዋ ተንፍሶ። እሷም ማስክ፣ እሱም ማስክ፤ የተገናኘው ዓይን ብቻ ነው። እኔ በሊሞዬ የኋላ መቀመጫ አንድ ሺህ ሙሽራ አመላልሻለሁ፤ እንደዚያ የተያየ አልጫንኩም። አሥር ደቂቃ የሚበቃው ጎማ አርባ ደቂቃ ፈጀ።

ናርዲ እዚሁ አሜሪካ ተወልዳ ያደገች፣ ዶክተር የተባለች ፊዚካል ቴራፒስት ናት። አባቷ አቶ ገብረጻድቅ ሁለት ነዳጅ ማደያ አላቸው፤ እኔ ሳወራ አምስት ይሆናሉ። ዶክተሯና ዕቃ ጫኙ ዓመት ሙሉ በዚያ ጠጠር ላይ ጎን ለጎን ነዱ። ሳይክሏን ከአራት የሳይክል ሬሳ አውጥቶ በእጁ ሠራላት። አማርኛ ማንበብ ስለሚያዳግታት በየቅዳሜው ደብዳቤ ይጽፍላታል፤ ፊደሎቹን አራርቆ፣ ትልልቅ አድርጎ፤ ኮርቻዋ ሥር ባለች ትንሽ ቦርሳ ይከትላታል። እሷ ሳምንቱን ሙሉ በጣቷ እየተከተለች ታነባለች።

ሽምግልናው ሲቆረጥ ሁለቱም የለመኑኝ አንድ ነገር ነበር።

«ጋሽ ዓምዴ፣ የሆንኩትን ብቻ ይንገሩልኝ» አለኝ እሱ፣ ከረባቴን እያቃናልኝ።

«ጋሼ፣ ፕሊስ፣ ጭማሪ የለም» አለችኝ እሷ በስልክ። «የሺ ትራክ ይጭናል በል። ዛትስ ኢት። ፕሮሚስ?»

«የዓምደሚካኤል ቃል ከግድቡ ኮንክሪት ይጠነክራል» አልኳት።

ደግሞ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ የሽማግሌ አፍ የላኪው አፍ ነው። ሽማግሌ ያለውን ልጁ እንዳለው ይቆጠራል። ይህን እያወቅሁ ገባሁ።

ግቢው ውስጥ ወንበሮቹ ተራርቀው ተደርድረዋል። «ተቀመጡ» አሉን አቶ ገብረጻድቅ። «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አልን እንደ ወጉ። ወይዘሮ ሸዋዬ ከባላቸው ጎን ቆመው ጫማዬን አዩት። ዝም ብለው ነው ያዩት፤ እኔ ግን ጫማዬ እግሬ ላይ ሲጠብ ተሰማኝ። የልጁን ዘር ቆጠርኩ፣ ጨዋነቱን አወሳሁ፤ የጣና ማዕበል በስሙ እስኪረጋ ድረስ አመሰገንኩት።

«መልካም። ልጁ ምን ይሠራል?» አሉ አቶ ገብረጻድቅ።

ሁለት ቃል ነበር የሚበቃው። እኔ እብነ በረዱን አየሁ፤ የቆሙትን ሁለት መኪኖች አየሁ፤ ጫማዬን አየሁ።

«መሐንዲስ ነው!»

አጠገቤ የቆመው ለማ፣ ሁለተኛው ሽማግሌ፣ ኮቴን ከኋላ ሳበኝ።

«ምን አልከኝ?» አሉ አቶ ገብረጻድቅ በቀስታ።

«መሐንዲስ! ኤፔክስ ያለውን መጋዘን ግማሹን ያቆመው እሱ ነው ማለት ይቻላል።»

ለማ ኮቴን ሊቀደው ደረሰ። አቶ ገብረጻድቅ ማስካቸውን ወደ አገጫቸው አወረዱ።

«ዓምደሚካኤል፣ እንደ ታላቅ ወንድም ለሦስተኛ ጊዜ ልጠይቅህ። ይህ ልጅ መሐንዲስ ነው?»

በር ከፍተውልኝ ነበር፤ አሁን ነው የሚገባኝ። እኔ ግን አንዴ ነዳጁን ከረገጥኩ ፍሬን የለኝም። «ሁለት መቶ ሮቦት በሱ ጥቅሻ ነው የሚንቀሳቀሰው!» አልኩ።

አቶ ገብረጻድቅ ተነሡ። ድምፃቸው አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

«እኔ የማውቀው የሺዋስ ትራክ ላይ ዕቃ ይጭናል። ልጄ ከዓመት በፊት ነግራኛለች። እሱ ሽማግሌ ልኮ ቢሆን እንነጋገር ነበር። እናንተን የላካችሁ ግን ሌላ ሰው ነው። ለመሐንዲሱ የምሰጣት ልጅ የለኝም። ደህና ዋሉ።»

ወደ ቤቱ መስኮት ቀና አልኩ። ናርዲ ከመስተዋቱ ጀርባ ቆማለች፤ ሁሉንም ሰምታለች። ያ ከማስክ በላይ ሰውን ያቀለጠ ዓይን እኔን አላየኝም፤ በእኔ ውስጥ አልፎ የሺዋስን አየው። ፊቷ ላይ የነበረው እንባ ቢሆን እችለው ነበር። ንዴት ነበር። መጋረጃውን ሳበችው። የመጋረጃው ድምፅ እስከ ዛሬ ጥርሴ ውስጥ አለ።

*

የሺዋስ ጋራዡ ውስጥ ጎማ እያሽከረከረ ጠበቀኝ። ሲጨንቀው ያልተጣመመ ጎማ ያቃናል።

«ምን አሉ?»

እዚያ ላይ መናገር ነበረብኝ። እግዜር ይይልህ አትበሉኝ፤ እኔው ራሴን ብዬዋለሁ። አንድ ውሸት ብቻውን መሄድ ይፈራል፤ ጓደኛ ጠራ።

«ዕቃ ጫኝ ለልጄ አይመጥንም አሉ» አልኩት።

የሚዞረውን ጎማ በመዳፉ አቆመው። «ናርዲስ?»

«መስኮት ላይ ነበረች። መጋረጃውን ዘጋችው።»

ይህቺ እውነት ነበረች። ውሸቴን ያጸናችውም እሷ ናት። የሺዋስ እጁን ጨርቅ ላይ ጠረገ፤ ደጋግሞ ጠረገ፤ የማይለቅ ነገር እንዳለበት። «ዓመት ሙሉ ይህን እጅ ይዛ ነው የሄደችው» አለ። «ከአባቷ ፊት ሲሆን ቆሸሸ?»

በዚያው ማታ ከማሸጊያ ካርቶን ላይ ክዳኑን ቀደደና ጻፈ። ፊደሎቹን አላራራቃቸውም። በንዴት ተደራርበው፣ ተረጋግጠው፣ እርስ በርስ የሚጣሉ ይመስሉ ነበር። «ያድርሱልኝ» አለኝ። አደረስኩ። ማክሰኞ ክሊኒኳ ፓርኪንግ ውስጥ የቆመች ሳይክሏ ኮርቻ ሥር ስከተው እንደ ሌባ ዙሪያዬን አየሁ።

ዓርብ ስልኬ ጮኸ። ወይዘሮ ሸዋዬ ናቸው።

«አንተ ሰውዬ! ቁጭ ብለሃል ወይስ ቆመሃል?»

«ቆሜያለሁ፣ እትዬ።»

«እንደ ቆምክ ስማኝ! ልጄ ይህን ካርቶን ማንበብ አቅቷት ሦስት ቀን ይዛው ዞረች። በመጨረሻ እኔው እንዳነብላት ሰጠችኝ። በገዛ አፌ፣ ለገዛ ልጄ፣ ይህን አነበብኩላት፦ ‹ላብ የነካው እጅ ለእናንተ ቤት እንደማይመጥን ገባኝ። መጋረጃ የሚዘጋብኝን ዓይን ሁለተኛ አላይም። በተናቅኩበት ደጅ አልቆምም።› ማን ናቀው? እኛ ነን የናቅነው ወይስ በራሱ አፍሮ መሐንዲስ ብሎ የላከው እሱ ነው?»

«እትዬ፣ ነገሩ...»

«ዝም በል! ይህቺ ልጅ ከአባቷ ጋር ዓመት ሙሉ ተኳርፋለች። ‹ዳድ፣ ትራክ ይጭናል፣ አይ ላቭ ሂም፣ አላፍርበትም› እያለች። ገብሬ በመጨረሻ እሺ ብሎላት ነበር እኮ! የዚያን እሁድ እሺ ሊላችሁ ነበር! ኬክ ታዝዞ ነበር፤ እንኳን ደስ ያላችሁ የተጻፈበት! ፍሪጄ ውስጥ እየደረቀ ነው! እሷ ያላፈረችበትን እሱ አፈረበት። ነገ ጠዋት ዋሻው ጋ ሳይክሉን ልትመልስለት ነው። ይበቃል!»

ስልኩ ተዘጋ። የታዘዘ ኬክ! አንድ ጊዜ፣ ለሁለት ቃል፣ አፌን ብጠብቅ ኖሮ! እንደዚያ በራሴ ተቆጥቼ አላውቅም።

*

ቅዳሜ ፀሐይ ገና ከተራራው አንገቷን ስታወጣ ጠጠሩ ላይ ነበርኩ። ለምን ያን ማታውኑ ለየሺዋስ አልነገርኩትም? ፈራኋ! እሱ ናርዲ ቀጥራው በሌሊት ወጥቶ ሄዷል፤ እኔ እያለከለክሁ ተከተልኩ። ሌላ ጊዜ ብሆን በዚያ ፍጥነቴ የዓለም ሻምፒዮኖችን ጥዬ አለፍኩ እላችሁ ነበር። ዛሬ እውነቱን ልናገር፤ አንዲት የሰባ ዓመት ፈረንጅ «ጉድ ሞርኒንግ» ብላኝ አለፈችኝ።

ሁለተኛው ዋሻ አፍ ላይ ስደርስ ድምፃቸው ቀድሞ ወጣ። ዋሻው ቁጣን ሦስት ጊዜ ይመልሰዋል።

«ውሰደው! ያንተ ነው! ኢንጂነር ስለሆንክ ሌላ ትሠራለህ!»

«ምንድነው የምትይው? ይህንንም ስድብ ከአባትሽ ተማርሽው?»

«አባቴን ተወው! አባቴ ስላንተ ሲጠይቁት ‹ትራክ ይጭናል› ይላል፣ ለሁሉም ሰው፣ ለቸርች ሰው! አንተ ነህ መናገር ያቃተህ!»

«እኔ? የተናቅኩት እኔ፣ የምታለቅሽው አንቺ!»

«አላለቅስም! ተናድጄ ነው!»

ሳይክሉን ገፍታ ጣለችው። ያ ከአራት ሬሳ የተነሣ ሳይክል ድንጋይ ላይ ወደቀ፤ የፊት ጎማው ሲጣመም ሰማሁት። የሺዋስ እሷን የመታት ሰው እንዳለ ሁሉ ደነገጠ። ቦርሳዋን ከፍታ ደብዳቤዎቹን አወጣች፤ የዓመቱን በሙሉ፤ አርባ፣ ሃምሳ። ደረቱ ላይ ለጠፈቻቸው።

«እነዚህን የጻፈ ሰው አላፈረም ነበር» አለች። ድምፅዋ ተሰበረ። «ያኛውን ካርቶን የጻፈውን አላውቀውም።»

ሳይክሌን ጥዬ ገባሁ።

«እኔ ነኝ!» አልኩ። ዋሻው «ነኝ፣ ነኝ፣ ነኝ» አለ። «መሐንዲስ ያልኩት እኔ ነኝ። እሱ የሆንኩትን ብቻ ንገሩልኝ ብሎኛል። አንቺም ጭማሪ የለም ብለሽኛል። እኔ ጨመርኩ። ሦስቴ ተጠየቅሁ፤ ሦስቴ ጨመርኩ። ለእሱ ደግሞ አባትሽ ‹ጫኝ አይመጥንም› አሉ ብዬ ዋሸሁት። አላሉም። እሺ ሊሉ ነበር። ኬክ... ኬክ ታዝዞ ነበር፣ የሺዋስ።»

ከጣራው የሌሊት ወፍ ተነሥታ ወደ ብርሃኑ ወጣች። ብችል ኖሮ እከተላት ነበር።

የሺዋስ ወደ እኔ ዞረ። ሦስት ዓመት ከቤቴ ኖሯል፤ አንድ ቀን «አንተ» ብሎኝ አያውቅም፤ ውሃ ሲያቀብለኝ እንኳ በሁለት እጁ ነው።

«ዓምደሚካኤል» አለ። «ጋሽ»ን ከስሜ ላይ እንደ ቆዳ ገፈፋት። «አንተ እኔን መች አየኸኝ? ለአንተ የሆንኩት ሁሉ አልበቃህም። በቀን ስንት ሳጥን እንደማነሣ ታውቃለህ? አንድ ቀን አፍሬበት ሰምተሃል? ያፈርክብኝ አንተ ነህ። አባቷ አይደሉም፤ እናቷም አይደሉም። ቤቴ ያልኩት ሰው ነው ያፈረብኝ።»

በሕይወቴ ብዙ ተሰድቤያለሁ፤ የሰከረ ቁማርተኛ ስድብን እንደ ሎሚ ጭማቂ ያጠጣል። እንደዚያ እውነት የሆነ አልሰማሁም።

አሁን ተቃቅፈው ተላቀሱ እንድላችሁ ትጠብቃላችሁ። አልተቃቀፉም። ናርዲ ወደ እሱ ዞራ ጣቷን አነሣች።

«አንተም! መጠየቅ የለም? አንድ ቴክስት! ‹ናርዲ፣ ለምን ዘጋሽ?› ሁለት ሴኮንድ ነው!»

«አንቺስ? በአንድ ሰዓት ውስጥ ነው ያመንሽብኝ! ዓመት ሙሉ የምታውቂኝ አንቺ!»

«የላክሃቸው ሽማግሎች ናቸው የተናገሩት! ምን ልበል?»

«ዋሹ በያ! የሺ እንዲህ አይልም በያ!»

«ልል ፈልጌ ነበር!» ብላ ጮኸች። «ካርቶኑ እስኪመጣ ድረስ ልል ፈልጌ ነበር!»

ዋሻው ይህቺን መልሶ መልሶ አላት፤ ልል ፈልጌ ነበር፣ ፈልጌ ነበር፣ ነበር። ከዚያ የሺዋስ ፊቱ እንደ ጠቆረ ጎንበስ አለ። ከኪሱ ትንሿን መፍቻ አወጣ። የተጣመመውን ጎማ አሽከረከረው፤ አየው፤ አንዱን ሽቦ አጠበቀ፣ አንዱን አላላ። እሷን አላያትም። እሷም ጥርሷን እንደ ነከሰች ቀረብ ብላ እንዳይወድቅበት የሳይክሉን መሪ በሁለት እጇ ያዘች። እሱንም አላየችውም።

«ወደ ግራ ያዢው» አለ በቁጣ።

«ይዤዋለሁ!» አለች በቁጣ።

ጎማው ዞረ። ጥቂት ተንገዳገደ፤ ከዚያ ቀጥ አለ። ጣቶቻቸው መሪው ላይ ተነካኩ፤ አንዳቸውም አላነሡም። ሺህ ሙሽራ የጫንኩ እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

*

በማግስቱ እሁድ አሊያንቴ፣ ያው ግቢ። የዛሬው ሽማግሌ አንድ ነው። ናርዲ ዋሻው ውስጥ የፈረደችብኝ እንዲህ ነው፦ «ብቻህን ትሄዳለህ። ቆመህ ትናገራለህ። ስለ ሥራው ሁለት ቃል። ሦስተኛ ካወጣህ ጋሼ፣ አይ ስዌር፣ ሰርጋችን ላይ ፓርኪንግ ውስጥ ነው የምትቀመጠው።»

«ሰርጋችን» ማለቷን የሺዋስ ሰምቷል። አላስተባበለም።

አቶ ገብረጻድቅ ወጡ። ተቀመጥ አላሉኝም። ወይዘሮ ሸዋዬ ዛሬ ጫማዬን ሳይሆን አፌን ያያሉ።

«ልጁ ምን ይሠራል?»

«ዕቃ ይጭናል።»

«ምን አልከኝ?»

«ዕቃ ይጭናል።»

«ለሦስተኛ ጊዜ ልጠይቅህ። ሌላስ? ሮቦት የለም?»

ምላሴ ላይ የቆመውን ብታውቁ! ጎበዝነቱ፣ እጁ፣ ከአራት ሬሳ አንድ ሕይወት ማውጣቱ፤ እውነት እንኳ ሆኖ ስንት የሚባል ነበር። ዋጥኩት። እንደ ድንጋይ ወረደ።

«ሌላ የለም። መሐንዲሱን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ልጁ አያውቀውም።»

ፀሐይዋ አናቴን ትጠብሰኛለች። ቀና አልኩ። ናርዲ መስኮቱ ላይ ናት፤ አሁንም አልሳቀችም፤ አሁንም ተናዳለች። እጇ መጋረጃው ላይ ነው፤ አልሳበችውም።

«ሸዋዬ!» ብለው ጮኹ አቶ ገብረጻድቅ። «ያንን የደረቀ ኬክ አምጪው! አንተ፣ ቁጭ በል!»

«ጋሼ?»

«ቁጭ በል አልኩህ! ቆመህ ልቆጣህ አልችልም! ሳምንት ሙሉ ልጄን ያስለቀስክ፣ ቤቴን ያመስክ፣ ቁጭ ብለህ እያንዳንዷን ቁራሽ እየበላህ ትሰማኛለህ! ከዚያ በኋላ ነው ስለ ልጁ የምንነጋገረው!»

ተቀመጥኩ። ኬኩ እንደ ጠጠር ነበር፤ «እንኳን ደስ» የሚለው ፊደል ጥርሴ ሥር ተንኮሻኮሸ። እሳቸው እየጮኹ ነው፤ እኔ እያኘክሁ አለቅሳለሁ። በዚህ ዕድሜዬ እንደዚያ የጣፈጠኝ ቁጣ የለም። ይህችን ደግሞ፣ ሙት ብትሉኝ፣ አልጨመርኩባትም።